ባሕሩን የከለከልኩህ እኔ ነኝ

ለትርሲት አባት፣ ለደምሴ፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን ኅዳር ላይ አውጥተናል፤ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የእድሩም ዕቃ ሳይጎድል ተመልሷል። አሁን ጥር ነው። ውርጩ የጓሮውን ጎመን አቃጥሎታል፤ ጠዋት ጠዋት የቤቱ ቆርቆሮ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከመኝታዬ የምነሣው እንደ ድሮው ነው፤ የሚዘገየው ከቤት መውጣቱ ነው።

በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ከአንተ ርቄ የማድረው የሱፍ ዝተትና በርኖስ ልገዛ ወደ ዘመሮና ወደ ሞላሌ ስሄድ ብቻ ነበር፤ ለሁለት ቀን መንገድ ደብዳቤ አይጻፍም። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር አለ። ነጋዴ መሆኔን ታውቃለህ፤ የያዝኩትን ዕቃ ገና ከጅምሩ ገልጬ አሳይቼ አላውቅም። ይሄን ግን ከላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደገና እንዳልሸሸው እፈራለሁ። በዚያች ደሴት ላይ ወደ ባሕር እንዳትገባ ያስከለከለችህ ልጅህ አይደለችም። እኔ ነኝ።

አሁን የቤቱን ልንገርህ። የጎማ መጠገኛ ቤትህን ለአንዲት ልብስ ሰፊ አከራይቻታለሁ። ዕቃህን የሞላሌ ሰው ገዝቶ ወሰደው፤ ጎማ ትነክርበት የነበረው ግማሽ በርሜል ብቻ ቀርቶ ሰፊዋ ውኃ ታጠራቅምበታለች። የወንድምህን ገብስ ዘንድሮ ውርጭ መታው፤ ከማሳው ያገኘው ከእህል ይልቅ ጭድ ነው። መንገዱም አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄድ አይሄድ እንደሆነ ከአንድ ቀን በፊት የሚያውቅ የለም። እኔም ንግዱን ቀነስ አድርጌዋለሁ። ጉልበቴ ደክሞ አይደለም። ከገበያ ስመለስ፣ «ዛሬስ ማንን አታለልሽ?» ብሎ የሚቀበለኝ ሰው ስለሌለ ነው። ማታ ማታ ማስታወሻ መጻፌን ግን አልተውኩም። ምን እንደምጽፍ ጠይቀኸኝ አታውቅም ነበር፤ ይሄን ጠባይህን እወድልህ ነበር።

መሐል ሜዳ ከተማ ሰው ሁሉ «ዓሣው» ይልህ ነበር። በወጣትነትህ በባሕር ኃይል ጠላቂ ሆነህ ምፅዋ ላይ የመርከብ ሆድ ከሥር ስትፈትሽ ኖረሃል። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገርህ ተመለስክ፤ ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ ጎማ ጠጋኝ ሆንክ። የተበሳውን ጎማ በርሜሉ ውስጥ ነክረህ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ስትፈልግ፣ ደጃፍህ ላይ የሚውሉት ሰዎች፣ «ዓሣው፣ ዛሬ ስንት መርከብ አለፈ?» ይሉሃል። አንተ ቀና ሳትል፣ «ሁለት፤ በአንዱ አማትህ ተሳፍራለች» ትላለህ።

ለእኔ ስለ ባሕር ስታወራኝ ግን አትቀልድም ነበር። ከሥር የሰው ድምፅ እንደሌለ፣ የገዛ ትንፋሽህን ብቻ እንደምትሰማ፣ እዚያ ውስጥ ሳለህ ማንም ጠርቶህ እንደማያውቅ ትነግረኝ ነበር። እኔ ገላዬን ለውኃ የምሰጠው ጠበል ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኔን ጨፍኜ። ዓይን ገልጦ ውኃ ውስጥ መግባት እንዴት እንደሚናፍቅ አይገባኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደናፈቀህ ግን አውቅ ነበር።

ትርሲት በነርስነት ተቀጥራ ካሪቢያን በሚባለው ባሕር ላይ ወዳለችው ደሴት ሄዳ፣ የደሴቲቱን ሰው አግብታ እዚያው ስትቀር ያዘንኩት እኔ ነኝ። አንተ፣ «ቢያንስ ባሕር ዳር ነው ያለችው» ብለህ ተጽናናህ። መጥታችሁ ዕረፍት አድርጉ ብላ የመንገዱን ሁሉ ስታሰናዳልን፣ እኔ ዕረፍት ምን እንደሚሠራበት አላውቅም ብዬ ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም። ስልኩን ከእጄ ወስደህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅካት፤ እዚያ ሰው ባሕር የሚያስጠልቅ አለ ወይ? አለ አለችህ። ባሏም ይጠልቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባ ይወጣል፤ የማይጠልቁት ሚስቶችና ባሎች ደግሞ ጀልባው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ስልኩን ስትመልስልኝ፣ «እንግዲህ አንቺ ከጠባቂዎቹ ነሽ» አልከኝ። ከዚያ በፊት ፊትህ እንደዚያ በርቶ ያየሁት ትርሲት የተወለደች ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ልብህ ሰፍቷል፣ ደም ግፊትህም ከፍ ብሏል ተባልን። ሐኪሙ ከባድ ሥራ ተው አለህ። ስለ ባሕር አንተም አልጠየቅከው፣ እኔም አልጠየቅኩት። ስንወጣ፣ የወንድ ሕመም የሚስቱና የነፍስ አባቱ ነው ብለህ ለማንም እንዳልናገር፣ ከሁሉ ይልቅ ለትርሲት እንዳልናገር አስማልከኝ። ማልኩልህ። ክኒንህን በእኔ ቦርሳ ይዘን ከፋሲካ በኋላ ተሳፈርን።

ደሴቲቱ ሙቀቷ እንደ ጀማ በረሃ ነበር። የደረስን ቀን ጫማህን ብቻ አውልቀህ፣ ሱሪህን ሳትሰበስብ፣ እስከ ጉልበትህ ባሕሩ ውስጥ ገባህ። ትርሲት ከኋላህ እየሳቀች በስልኳ ትቀርጽህ ነበር። ከሩቅ ሳይህ ሃያ ዓመት የቀነስክ መሰለኝ። ከባሕሩ ወደ ቤታቸው የሚያወጣው ደረጃ ግን ሃያውን ዓመት መለሰብህ። መካከል ላይ ቆመህ ግድግዳ ተደግፈህ አለከለክ። ልጅህ አየችህ። ግፊትህን ልለካህ አለችህ። «እኔ አባትሽ ነኝ፤ በሽተኛሽ አይደለሁም» አልካት። ጨዋታ አስመስለህ ነው ያልከው፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ዓርብ ዕለት፣ ሰው ከሚያስጠልቁት ከጠላቂዎቹ ቤት፣ የሚሞላ ወረቀት መጣ። ትርሲት ጥያቄውን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለሰች ጠየቀችህ። አስም አለብህ? የለም። የጆሮ ሕመም? የለም። የልብ ሕመም? የለም አልክ፤ ሌላውን በመለስክበት ድምፅ። አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። የሚዋሽ ሻጭ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የአንተ ከፍም ዝቅም አላለም። ያስፈራኝ ይህ ነው። ምንም ዋጋ ቢጠሩበት ዕቃውን ሳይዝ እንደማይመለስ የቆረጠ ገዢ ድምፅ ነበር።

እዚያው ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። መሐላው አለ፤ በአማችህ ፊት አንተን ማዋረዱም አለ። ከሁለቱም የበለጠው ግን ልማዴ ነው። በሱፍ ገበያ መጀመሪያ አፉን የከፈተ ይጎዳል። ሸማኔው በርኖሱን ዘርግቶ ዝም ይላል። እኔም እየዳበስኩ ዝም እላለሁ። ዝምታው የከበደው ዋጋ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ገበያው የሌላው ነው። አርባ ዓመት በዚህ ኖሬበታለሁ፤ ዝምታ ከብዶኝም አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠላቂዎቹ ቤት ሄድን። አለቃቸው ረጅም፣ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ፊቷ የማይቸኩል። አንተና አማችህ ጓዳ ውስጥ የሚጠለቅበትን የጎማ ልብስ ስትለኩ፣ ትርሲትም የሚጠጣ ውኃ ልትገዛ ስትወጣ፣ ክኒንህን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ አንተ ጠቆምኩ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። የክኒኑን ስም አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ገባት፤ ራሷን ነቀነቀች። ክኒኑን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም፤ ስለዚህ መሐላዬን አላፈረስኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዲህ ያለውን ምክንያት ሌላ ነጋዴ ቢያቀርብልኝ ኖሮ እስቅበት ነበር።

ሴትየዋ ምሥጢሬን ጠበቀች። ለትርሲት የነገረቻት፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የሐኪም ደብዳቤ ሳይዝ ማስጠለቅ አንችልም ብላ ነው። ትርሲት ለመነቻት፤ ባሏም ለመነላት። አልሆነም። ልጅህ እየተርበተበተች ስትነግርህ ልብሱን እስከ ወገብህ አጥልቀኸው ነበር። 

«ደረጃው ላይ ያየሽውን ነገርሻቸው» አልካት።

አልነገርኩም አለች። በእግዚአብሔር ስም አልነገርኩም አለች። አንተ ልብሱን ማውለቅ ጀመርክ። ልብሱ የሚጣበቅ ስለሆነ ለማውለቅ ጊዜ ወሰደብህ፤ እግርህ ላይ ሲይዝህ ልትረዳህ ጎንበስ ብትል እጇን መለስክባት። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ የእኔን ስም የምታክል ቃል። በልቤ ያልኩት፣ ነገ ይበርድለታል፣ አባትና ልጅ ናቸው፣ ይታረቃሉ የሚል ነበር። የአንተ ሕይወት በአንድ በኩል፣ የእሷ ትንሽ ቅሬታ በሌላ በኩል። ሚዛኑ ግልጽ መሰለኝ።

እንቅር ብልህም እምቢ ብለህ ጀልባው ላይ ወጣህ። ከማይጠልቁት ጋር ሸራ ጥላ ሥር ተቀመጥክ፤ ሹራብ የምትሠራ ፈረንጅ አሮጊት፣ መጽሐፉን ያልገለጠ አንድ ወፍራም ባል፣ ትርሲት፣ እኔ፣ አንተ። እኔ ከውኃ ስትወጣ እንዳይበርድህ ብዬ በርኖስ ከመንዝ ድረስ ይዤልህ ሄጄ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ጭኔ ላይ ይዤው ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ ዳብሳ ወደደችው፤ እሸጥላት እንደሆነም በእጇ ጠየቀችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አንተ በዚህ ብቻ ለአንድ ወር ትቀልድብኝ ነበር። አማችህና ጓደኞቹ ወደ ኋላቸው እየወደቁ ባሕሩ ውስጥ ጠለቁ። አንተ ወደ ላይ የሚወጣውን አረፋ እያየህ፣ ይኸኛው ትንፋሹን ያባክናል፣ ያኛው ረጋ ያለ ነው፣ ይሄኛው አሁን ታች አርፏል እያልክ በጆሮዬ ትነግረኝ ጀመር። ለትርሲት ግን አልነገርካትም። እሷ ከጎንህ ተቀምጣ አንተ ለእኔ የምትነግረኝን በስርቆሽ ትሰማ ነበር። የጠላቂዎቹ አለቃ የማይጠልቁት ከላይ ሆነው ፊታቸውን ነክረው የሚያዩበት መነጽር ስታቀርብልህ ገፋኸው። ባሕርን በመስኮት አላይም አልክ።

የዚያን ዕለት ማስታወሻዬን ትናንት ገልጬ አነበብኩት። «ደምሴ አልጠለቀም። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። ከአንተና ከእሷ አልፌ ከገዛ ደብተሬም ደብቄዋለሁ።

የቀሩትን ቀናት ለእሷ የምትናገረው እንግዳ ለቤት ባለቤት እንደሚናገረው ነበር። ስንሰናበት ጉንጯን ሳምካት፤ ከንፈርህ ግን መንካቱን እንጃ። አገራችን ከገባን በኋላ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር። ስልኩን ሳታየው ትሰጠኛለህ፤ «ደህና ነው በያት» ትላለህ። ከእኔ ጋር ግን እንደ ድሮህ ነበርክ፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ቀረብከኝ። አንድ ቀን ማታ እጄን ይዘህ፣ በዚህ ዓለም ያልከዳሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ አልከኝ። እጄን አልሳብኩትም።

ኅዳር ላይ ወደቅክ። እግርህ አበጠ፤ መተኛት ስላቃተህ በትራስ ተደግፈህ ነበር የምታድረው። የነፍስ አባትህ መምሬ አበራ መጥተው ንስሐህን ከተቀበሉ በኋላ እኔን አስገቡኝና፣ ደምሴ፣ የተቀየምከው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁህ። ልጄን አልካቸው። እንግዲያው ይቅር በላት፣ ደውሉላት አሉ። ደወልን። ስልኩን ጆሮህ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ትመን። ካመነች ይቅር ብያለሁ» አልክ።

ከወዲያ ድምፅዋ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «አባዬ፣ ያላደረግኩትን ምን ብዬ ልመን?»

ሁለታችሁም እውነታችሁን ነበር። መምሬ አንዴ እኔን፣ አንዴ አንተን ያያሉ። እኔ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ሳላሳምር ልንገርህ። በዚያን ቀን እብጠትህ ጎድሎ አጥሚት ጠጥተህ ነበር። ነገ ይሻለዋል፣ ሲሻለው ብቻችንን ሆነን እነግረዋለሁ አልኩ። አንድ ገበያ የታገሠ ይጠቀማል፤ ይሄም ልማዴ ነው። ደግሞም ፈራሁ። የምታጎርስህና የምታገላብጥህ እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን ብትገፋው ማን ይቀርብሃል? ስልኩ ተዘጋ። በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ ሄድክ። በዚያው ቀን ቀበርንህ፤ ትርሲት ለቀብርህ የምትደርስበት መንገድ ስላልነበረ ሳትመጣ ቀረች።

ለሙት ዓመትህ ግን መጣች። ከስታለች። እንግዳው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ፣ በማግሥቱ፣ ጓሮ ተቀምጠን የእድሩን ብርጭቆ እናጥባለን። ቀና ሳትል፣ አባዬ እንደተቀየመኝ ነው የሞተው አይደል አለችኝ። ያን ጊዜም የሚያመልጡበት መልስ ነበረኝ፤ አባት በልቡ አይቀየምም ማለት እችል ነበር። ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ነገርኳት። ክኒኑን፣ ጠረጴዛውን፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ ማድረጌን፣ ሁሉንም።

 የምትጮህ፣ የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን በሽተኛ እንደምታናግር ሆና ነው የተናገረችኝ።

«እማዬ፣ ለእኔ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እኔው እነግራቸው ነበር። ነርስ ነኝ፤ ዝም አልልም። አባዬ ይቆጣኝ ነበር፤ ግን በሠራሁት ይቆጣኝ ነበር። ስልኩ ላይ እመኚ ሲለኝ አምን ነበር። ይቅርም ይለኝ ነበር።»

ደምሴ፣ ይሄ በአንድም ቀን አልታየኝም ነበር። ከአንተ የወሰድኩት ባሕሩን ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ እሱንም ስለ ሕይወትህ ብዬ ወሰድኩት። ባሕሩንስ ዛሬም እከለክልሃለሁ። ያን ክኒን ነገም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በዚህ ይቅር በለኝ አልልህም። ከእሷ የወሰድኩት ግን ሌላ ነው። የምታምነውን ኃጢአት ወሰድኩባት፤ የምታገኘውንም ይቅርታ አብሬ ወሰድኩባት። ስድስት ወር ጨመርኩልህ ካልን፣ ስድስቱንም ወር ልጅህን ተቀይመህ ኖርክበት። ይህን ዕድሜ ለማን እንደገዛሁት አላውቅም።

የሄደች ቀን ሚኒባሱ ዘንድ ሸኘኋት። ሻንጣዋን አስጭና ከመግባቷ በፊት፣ ለእኔ መናገርሽ ደግ ነው፣ መናገር የነበረብሽ ግን ለእሱ ነው፤ ጻፊለት አለችኝ። ደግሞም እስኪወጣልኝ ድረስ አልደውልም አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ አልደወለችም። እሑድ ይመጣል፣ እሑድ ይሄዳል። እኔ እደውላለሁ፤ ስልኩን የሚያነሣው ባሏ ነው። ቋንቋ የለንም፤ ደህና ናት የሚለውን ቃል ብቻ በአማርኛ አስተምራዋለች።

ስለዚህ ጻፍኩልህ። ልጅህን ይቅር በላት ብዬ አልለምንህም፤ የበደለችህ የለም። በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ እዘክርሃለሁ፤ ስምህ በሚጠራበት ሁሉ፣ በመቃብርህም ላይ፣ በመምሬም ፊት፣ ያን ቀን የተናገረችው ትርሲት እንዳልሆነች አብሬ እናገራለሁ። በቀረኝ ዘመን አንተን ማስታወሴ ይኸው ነው። አንተም ለእኔ አንድ ነገር አድርግልኝ። ያን ቁጣህን ከእሷ ላይ አንሣው። ሌላ ቦታ አትጣለው፤ ለእኔ ስጠኝ። የእኔ ነበር።

ሚስትህ አስካለ